ትንሽ ሞቅ ትበል

መኪና የሌለበት ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ መኪናውን አልጥልም ያለ አንድ ሰውዬ የሌለበት ሰፈር ግን የለም። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። እናንተ ገና ፊታችሁን ሳትታጠቡ እሳቸው ኮፈን ከፍተው እስከ ወገባቸው ሞተር ውስጥ ገብተዋል። ሰላም የምትሉት ጀርባቸውን ነው፤ ጀርባቸውም "ይመስገን" ብሎ ይመልስላችኋል። የመኪናዋ ዕድሜ አይነገርም፣ ቀለሟ አይለይም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ እስከ መጨረሻው ሄዶ፣ ዞሮ ዜሮ ገብቶ፣ እንደ አዲስ መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል። "ለምን አይሸጧትም?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ እናትህን ሽጥ የተባሉ ያህል ነው የሚያዩአችሁ።

የእኛ ሰፈር ሰውዬ ጋሼ ሞቅትበል ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው ግን ጡረታ የሚከፍላቸው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ሞቅትበል ያላቸው ሰፈሩ ነው። ሞተር ካስነሱ በኋላ፣ ተሳፋሪው ቢቸኩል፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ቤት ቢቃጠል፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣል አድርገው "ትንሽ ሞቅ ትበል" ሳይሉ ንቅንቅ አይሉም። የሰፈሩ ሰው ከእሳቸው ጋር ቀጠሮ ሲይዝ የማሞቂያውን ጊዜ አብሮ ያስባል።

የዚህን ሁሉ ጣጣ ከማንም በላይ የቀመሰው የልጃቸው ባል ነው። ፋርማሲስት ነው፤ ነጭ ጋውን ለብሶ የሚውል፣ እጁ ሳሙና ሳሙና የሚሸት ንጹሕ ሰው። ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር ሊተዋወቅ የመጣ ዕለት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን መስታወት አስመስሎ ነበር የመጣው። ጋሼ በሩ ላይ ተቀበሉት። ፊቱን አላዩም፣ ሥራህ ምንድን ነው አላሉም። ትከሻውን ግራና ቀኝ አዩና "ጃኬትህን አውልቅ" አሉት። ተደባድበው ሊያባርሩኝ ነው ብሎ ልቡ ወለቀ። ለካስ መኪናዋን ግፋ ሊሉት ነው። ገፋ። ተነሳች። ስትነሳም ጭሷን ነጭ ሸሚዙ ላይ አራግፋ ሄደች። የወደፊት አማቱ፣ በልብስ ስፌታቸው እማማ ሰፊዋ የሚባሉት፣ በመስኮት ሲያዩት ቆይተው "በዚህ ቤት ልጅ የሚሰጠው ለገፋ ነው" አሉት። የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ወዲህ፣ ልጅቷን አግብቶ እዚያው ግቢ ሲኖር፣ ስንት ጊዜ እንደገፋ እሱም አያውቀው።

ጋሼ በደህናው ዘመን የትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ነበሩ፤ ሥራቸው ሥርዓት ማስከበር። ኮሪደር ላይ ቆመው፣ በር ሳይከፍቱ፣ የትኛው ክፍል አስተማሪ እንደሌለው በድምፅ ብቻ ይለዩ ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ያ ጆሮ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆነለትምና መኪናዋ ላይ ዋለ። እሳቸው መኪና ውስጥ ወሬ ክልክል ነው። ሰው አፉን ሲከፍት እጃቸውን ያነሳሉ። "ዝም በሉ እስቲ፣ እየተናገረች ነው።" ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። "የኋላ ግራ ናት። ትናንት እንዲህ አላለችም።" እማማ ሰፊዋ ከኋላ ወንበር "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተናግሬ እንዲህ ተደምጬ አላውቅም" ይላሉ። ጋሼ ይህንንም አይሰሙትም፤ ጆሯቸው ጎማው ላይ ነው።

ሃይማኖታቸው ሦስት ቃል አለው። "ዘይት ደም ነው" አንዱ ነው። "ቀለም ለጎረቤት ነው" ሁለተኛው ነው፤ በዚህ ምክንያት መኪናዋ ከላይ ዝገት የበላት፣ ከሥር ግን በየሳምንቱ የምትታጠብ ናት። ሦስተኛውና ዋነኛው "ድምፅ ሳታሰማ የሞተች መኪና የለችም" የሚለው ነው። ይህንን ለጎረቤት፣ ለፖስተኛ፣ ለጥርስ ሐኪማቸው፣ አፋቸው ተከፍቶ እያለ ሳይቀር፣ ተናግረዋል።

ማታ ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ያነጥፋሉ። ጠዋት ተንበርክከው ያነቡታል። ጠብታው ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፣ ቀይ ከሆነ የመሪው፣ አረንጓዴ ከሆነ የራዲያተሩ ውሃ። ጠብታ የጠፋ ዕለት ደግሞ ይብስ ይደነግጣሉ፤ የምታንጠባጥበው አልቆባት ይሆናል ብለው ይጠረጥራሉ። እማማ ሰፊዋ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው በመስኮት ያዩአቸውና "ለፈጣሪ እንዲህ ተንበርክኮ ቢሆን ይሄኔ ጻድቅ ነበር" ይላሉ።

ማስነሻዋ፣ ሞተሪኖዋ፣ ደስ ሲላት እንጂ ሲያስነሷት አትነሳም። ስለዚህ ጋሼ ቁልቁለት ሳያዩ አያቆሙም። ሐኪም የሚመርጡት በቁልቁለቱ ነው። የልጃቸው የሠርግ አዳራሽ የተመረጠውም በዚሁ ነው፤ ሌላው ወላጅ ወንበሩንና መብራቱን ሲያይ ጋሼ ውጭ ቆመው መንገዱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ ያጠኑ ነበር። የኋላው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ የተሳፈረ ሰው ደግ ሰው መጥቶ ከውጭ እስኪከፍትለት ይጠብቃል። የኋላ መብራት አልበራ ሲል የኋላ ዕቃ መጫኛውን፣ ፖርታ ባጋጁን፣ ከታች በኩል በቡጢ መምታት ነው፦ አንዴ ጠንከር፣ አንዴ ለስለስ። ለስላሳዋ ምን እንደምትሠራ ማንም አያውቅም። ጋሼ ግን "ጠንካራዋ ትቀሰቅሳታለች፣ ለስላሳዋ ይቅርታ ናት" ይላሉ።

ፋርማሲስቱም መኪና ነበረው። ገና ከፕላስቲኳ ያልወጣች የምትመስል፣ በሩ ሲዘጋ እፍ የምትል። አንድ ቀን ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ምልክት ያላት ቀይ መብራት በራች። ሲመሽ ዓይኑን እየወጋች ብታስቸግረው ፕላስተር ለጠፈባት፤ ከመድኃኒት ቤቱ ያመጣውን፣ ጥሩውን ዓይነት። ፕላስተሩ ሳይላጥ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ነክሶ ቀረ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለው ነበር። "ታማሚው አመመኝ ሲልህ አፉን ለጠፍክበት" አሉት። ከዚያ በኋላ ፋርማሲስቱ ስለ መኪና ሐሳብ መስጠት ተወ፤ መግፋቱን ብቻ ቀጠለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ይኖር ነበር፣ ያለፈው ክረምት ባይመጣ።

እማማ ሰፊዋ ስንት ሌሊት የለፉበትን የሙሽራ ቀሚስ ሊያደርሱ በኋላ ወንበር ተሳፍረው ነበር። ቀሚሱን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ዝናቡ ይወርዳል፤ ሙሽራዋ ፀጉሯን ተሠርታ ትጠብቃለች። መኪናዋ አደባባዩ መሐል ስትደርስ አንዴ ሳል አለችና ቀጥ። ጋሼ ዘለው ወረዱ። እማማ "ክፈትልኝ" አሉ። ጋሼ መጀመሪያ የከፈቱት ኮፈኑን ነው፣ በሩን አይደለም። እማማ በተቆለፈ በር ውስጥ፣ ቀሚሱን ታቅፈው፣ ባላቸው ሞተሩን በጃንጥላ ሲያስጠልሉ በመስታወቱ እያዩ ተቀመጡ። የከፈተላቸው መንገደኛ ነው። ቀሚሱን በላስቲክ ጠቅልለው፣ አናታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጭቃውን በእግራቸው አቋረጡ። ሲደርሱ ሙሽራዋ በተዋሰችው ቀሚስ ሄዳለች።

ጋሼ ማታ ቤት ሲገቡ "ቀሚሱ ከብዷት ነው" አሉ።

እማማ አልጮኹም። መቀሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። "እሷና እኔ ከእንግዲህ በአንድ ግቢ አናድርም" አሉ። ልጃቸው በእናቷ ወገን ቆመች። ፋርማሲስቱ ከሁሉም ኋላ ቆሞ በጭንቅላቱ ተስማማ። ጋሼ ሦስቱንም ተራ በተራ አዩ። ከዚያ "የመኪናዋ የዓመት ምርመራ ደርሷል" አሉ። "ካለፈች ከዚህ በኋላ ማንም ክፉ ቃል አይናገራትም። ከወደቀች በገዛ እጄ ወስጄ ለብረት ሰብሳቢ እሰጣታለሁ።"

ጋሼ ቃላቸው ቃል ነው። ይህንን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ለዚህም ነው ያን ማታ ሦስቱ ሲያሸንፉ ማናቸውም ደስ ያላላቸው። ፋርማሲስቱ አልጋው ላይ ሆኖ ያሰበው አንድ ነገር ነው፦ እሷ ብትወሰድ ሰውዬው ጠዋት ለምን ይነሳሉ? ትምህርት ቤቱ ጡረታ አውጥቷቸዋል፤ ጓደኞቻቸው አንድ በአንድ አልቀዋል፤ የቀረቻቸው የምታጉረመርም ብረት ናት። ግን ደግሞ ሸሚዙንም አሰበ፣ ትከሻውንም አሰበ፣ ተኛ።

ምርመራው ሊደርስ ሲል የጋሼ ዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ግራ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፈነ፤ ቀኙ ድሮም ለወጉ ያለ ነው። ሐኪሙ እንዳይነዱ፣ እንዳይጎነበሱ፣ ከባድ እንዳያነሱ አላቸው። "ታዲያ ምን ቀረኝ?" አሉት። "እረፍት" አላቸው። ጋሼ እረፍት የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ቀን ይመስል ፊታቸውን አዞሩ።

ካርቶኑን የሚያነብ ሰው ጠፋ። ዕጣው በፋርማሲስቱ ላይ ወደቀ። በማግስቱ ጠዋት የሥራ ሱሪውን እንደለበሰ፣ ከጉልበቱ ሥር ጋዜጣ አንጥፎ ተንበረከከ። ጋሼ ወንበር አውጥተው ከበላዩ ተቀምጠዋል።

"ምን ቀለም ነው?"

"ጥቁር ነገር ነው አባባ።"

"ጥቁር ነገር የሚባል ቀለም የለም። ጥቁር ነው ቡኒ?"

"ወደ ቡኒ ይሄዳል።"

"በጣትህ እሸው። ያንሸራትታል?"

"ያንሸራትታል።"

"አሽትተው።"

ፋርማሲስቱ ግራና ቀኝ አየ። የሚያየው ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ አሸተተ። "የተቃጠለ አይሸትም" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

"እደግ" አሉት ጋሼ። በዚያ ቤት ከመጣ ጀምሮ የተሰጠው የመጀመሪያው ምርቃት ነው። በቀጣዩ ጠዋት ሳይጠራ ተንበረከከ። በሳምንቱ ሚስቱ "ዛሬ ስንት ጠብታ ነው?" እያለች ስታበሽቀው አልገባውም፤ ከልቡ መለሰላት።

የምርመራው ዋዜማ እጁን ሊታጠብ ወጥ ቤት ሲገባ እማማ ሰፊዋ ዘይት የነካ ጣቱን አዩበት።

"አንተም ጀመርክ?"

"እሳቸው እንዳይጎነበሱ ብዬ ነው እማማ።"

"ስማኝ ልጄ። ማንም ክፉ ሥራ አላለህም። ሽቦ ንቀል፣ ጎማ አስተንፍስ አላልኩም፤ ያንን ፈጣሪም አይወደው። ብቻ አታግዛት። ይዘሃት ሂድ፣ አስመርምር፣ ዝም በል። ዝም ያለ ሰው ምን በደለ?"

ሚስቱ ከኋላ ሆና "እሱ አይቸግረውም" አለች። "እዚህስ ዝም አይደል የሚውለው?"

በማግስቱ ጋሼ የክት ልብሳቸውን ለበሱ። ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ የተሸፈነው ዓይናቸው ወደ ፋርማሲስቱ፣ ሌላው ወደ መንገዱ። ቁልፉ ዞረ። ያን ቀን ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ሳትገፋ ተነሳች። ፋርማሲስቱ እግሩን የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አድርጎ ቀና ሲል ጋሼ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለዋል።

"ትንሽ ሞቅ ትበል።"

"ሰልፍ ይበዛል አባባ።"

"ሰልፉም ይሞቃል።"

መንገድ ላይ ጋሼ ማርሽ ባስቀየሩት ቁጥር ምክር ነበራቸው። ሁለተኛው ላይ "አታስገድዳት፣ ለምናት" አሉት። ዳገቱ ላይ "አሁን ተዋት፣ ታውቀዋለች" አሉት። ምክሩ ሲቋረጥ ፋርማሲስቱ ዞሮ አያቸው። ጉልበታቸውን ይዘው ነው የተቀመጡት።

"ፈሩ እንዴ አባባ?"

"እኔ ስንቱን ተማሪ ፈትኜ ጥያለሁ" አሉ ጋሼ። "ዛሬ ነው የገባኝ።"

የምርመራው ቦታ ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ነው። ባለቤቶች መኪናው የሚመረመርበት ጋ አይጠጉም፤ የሚነዳው ብቻ ነው የሚጠጋው። ጋሼን ግድግዳው ጥግ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። መርማሪው ፊቱን የማይፈታ፣ የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው ነው። መኪናዋን ሲያይ ባትሪውን ሊያበራ አልፈለገም፤ ከሩቅ አይቶ ጨርሷታል። ሥራው ሆኖበት ጀመረ።

ጭሷን ለካ። መልሶ ለካ። ፍሬኗን ሞከረ፤ ቀጥ አለች። መሪዋን ጨበጠና ግራ ቀኝ አለ፤ ምንም። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ከሥሯ ገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ግራ የገባው ሰው ፊት ነው።

"ከሥር ማነው የሚያጥባት?"

"አማቴ ናቸው።"

"ከላይስ ማነው የተጣላት?"

ከአግዳሚው ወንበር በኩል "ቀለም ለጎረቤት ነው" የሚል ድምፅ መጣ። መርማሪው ዞሮ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ። "መብራት አብራ" አለ። የፊቶቹ በሩ። ወደ ኋላ ዞረ። "የኋላ ቀኟ የለችም።"

ፋርማሲስቱ ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ። ምን ሊያደርግ እንደሄደ እሱም አያውቅም። እማማ ያዘዙት ዝምታ ነው፤ አፉም ዝም ብሏል። እጁ ግን ቀደመው። ቡጢው ተነስቶ ፖርታ ባጋጁን ከታች በኩል ደለቀው። አዳራሹ አስተጋባ። መርማሪው ወደ ኋላ ሸሸ።

ከአግዳሚው ወንበር ጋሼ "ለስላሳዋን ረሳሃት" አሉ።

ለስላሳዋን ጨመረላት። መብራቷ ቦግ አለች። ፋርማሲስቱ ሳይታወቀው ፈገግ አለ። ወዲያው ቀላች፣ ደበዘዘች፣ ጠፋች። ደግሞ መታት፤ ሁለተኛ ይቅርታ ብትባልም አልተመለሰችም።

"በቡጢ የምትበራ መብራት አላሳልፍም" አለ መርማሪው። "አምፖሏ ተቃጥላለች። የሚቀጥለውን መኪና እስክጨርስ ከቀየርክ ቀየርክ። አለዚያ ወደቀች ብዬ ነው የምጽፈው።"

የጋሼ ሃይማኖት የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ ሳታሰማ የሞተች መኪና የለችም ይሉ ነበር። አምፖል ግን ድምፅ የላትም። ሞራ የሸፈነው ዓይን ስንት ወር ሙሉ መብራቷ እየደከመች መሄዷን አላየም፣ ያ ሁሉ የተመሰገነ ጆሮም አልሰማም።

አሁን ፋርማሲስቱ ማድረግ ያለበት ምንም ነገር አልነበረም። እጁን ኪሱ ከቶ መቆም ነው። ከዛሬ ጀምሮ መግፋት የለም፣ ካርቶን የለም፣ በር ከፍቶ የሚያወጣው መንገደኛ መጠበቅ የለም። ዝም ያለ ሰው ምን በደለ? ዞሮ አግዳሚውን አየ። ምክትል ዳይሬክተሩ በክት ልብሳቸው፣ ሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ የተሸፈነ ዓይናቸውን ወደ ድምፁ አቅንተው ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ መስለው ተቀምጠዋል። "ምነው ዝም አላችሁ?" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ፋርማሲስቱን አንጀቱን በሉት። እስከዚያች ደቂቃ ሰውዬውን የሚችላቸው ይመስለው ነበር፤ ለካስ ይወዳቸዋል። ደስ የማይል ግኝት ነው፣ ግን ምን ይደረግ።

ጃኬቱን አወለቀ።

ፖርታ ባጋጁን ከፍቶ የዕቃ ሣጥኑን ዘረገፈ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የአሮጌ ቱቦ ቁራጭ፣ ስሙን የማያውቀው ብረት። አምፖል የለም። ከሥር፣ ከክሪኩ ጀርባ፣ የተሸጎጠች ትንሽ ቋጠሮ እጁ ገባች። ጨርቁ ሰማያዊ ነው፣ ቢጫ አበባ ያለበት። ይህን ጨርቅ ያውቀዋል። በየጠዋቱ ተንበርክኮ ቀና ሲል የሚያየው የስፌት ክፍሉ መጋረጃ ነው። ቋጠሮው በክር ተጠምዝዟል፤ ክሩ በጥርስ ተበጥሷል። ፈታው። በጥጥ የተጠቀለለች አዲስ አምፖል።

ለአፍታ ቆሞ ቀረ። ጋሼ አምፖል ቢኖራቸው ኖሮ ገጥመዋት ያድሩ ነበር እንጂ አይደብቋትም። ማታ ማታ ጋሼ መብራት ሲሞክሩ በዚያ መስኮት ከስፌት መኪናው ቀና የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደህና ዓይን ያለውም እሱ ነው። እማማ ሰፊዋ አይተዋል። አይተው ገዝተዋል። ገዝተው፣ በጥጥ ጠቅልለው፣ መጥተው ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ዝም በል ብለውታል።

"ወይ እማማ" አለ ፋርማሲስቱ፣ ለፖርታ ባጋጁ።

ብሎኑ ዝጎ አልፈታ አለው። ለመነው፣ አላስገደደውም። ጣቱ ተላጠ፣ ሸሚዙ ጥቀርሻ ጠጣ። መርማሪው ከወዲያኛው መኪና ሲመለስ የኋላ ቀኟ ከግራዋ በልጣ እየበራች አገኛት። ዞሯት፣ ፖርታ ባጋጁን በጥርጣሬ በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ አልጠፋችም። የማለፊያውን ወረቀት መስታወቷ ላይ ለጠፈ።

ሲመለሱ ግማሽ መንገድ ላይ ጋሼ "አምፖሏን ከየት አመጣሃት?" አሉ።

"እዚያው ነበረች አባባ። በጨርቅ ተቋጥራ።"

"ጨርቁን አምጣው እስቲ።"

ሰጣቸው። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ወዳልተሸፈነው ዓይናቸው አስጠጉት፣ ከዚያም ተዉት፤ ማየት አላስፈለጋቸውም። አጣጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። መኪናዋ የሆነ ቦታ ላይ ሲጢጥ አለች። ጋሼ ጭንቅላታቸውን አላዘነበሉም። ፋርማሲስቱ ነው ያዘነበለው።

ቤት ሲደርሱ እማማ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸውን እንደ ዳኛ አኮሳትረዋል።

"ወደቀች?"

"አለፈች እማማ።"

"ወይ መዓት" አሉ። "እንግዲህ ደግሞ ዓመት ልንችላት ነው።" የተላጠ ጣቱን አዩ፣ ሸሚዙን አዩ፣ የባላቸውን የደረት ኪስ አዩ፤ ከኪሱ ሰማያዊ ጫፍ ወጥቷል። "ታጠቡና ብሉ" ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። ያን ቀን ፔዳሏን ሲረግጡ ከወትሮው ያፈጥኑ ነበር።

ማግስቱን እማማ የሚያደርሱት ቀሚስ ነበራቸው። ከዚያ የዝናብ ቀን ወዲህ ቀሚስ ይዘው የሚሄዱት በእግር ነው። ቀሚሱን ታቅፈው ወደ ግቢው በር ሲያመሩ ጋሼ ከመኪናዋ ጎን ቆመዋል። ኮፈኑ ተዘግቷል። የኋላውን በር ከውጭ ከፍተው፣ እጀታውን ይዘው፣ አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ፊት ለፊት እያዩ ይጠብቃሉ። ከስንት ጊዜ በፊት መከፈት የነበረበት በር ነው። እማማ ቆመው አዩአቸው። ብዙ የሚሉት ነገር እንደነበራቸው ፊታቸው ይናገራል። ግን ቀሚሳቸውን ሰበሰቡና ገቡ። ጋሼ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉላቸው፤ እንደ ለስላሳዋ።

ፋርማሲስቱ ቁልፉን አዞረ። ተነሳች። ጋሼ ከጎኑ ገብተው ተቀመጡ፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ አልወደቀም።

"በል ሂድ" አሉት። "ትቸኩላለች።"

ፋርማሲስቱ የሰማውን አላመነም። ማርሽ አስገባ። ፍሪሲዮኑን ሊለቅ ሲል ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ።

"ቆዩ እንጂ" አሉ እማማ ሰፊዋ። ቀሚሱን ጭናቸው ላይ አመቻቹ፣ በመስታወቱ ወደ ውጭ እያዩ። "ትንሽ ሞቅ ትበል።"